ከወንዙ ውጡ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ይድረስ ለሙሽራው፤

ከተጋባችሁ ስንት ዘመን ቢሆናችሁም እኔ ዘንድ ያው ሙሽራው ነህ፤ አትቆጣ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል እንጂ ሌላው አካላቴ ሥራውን ይሠራል። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት። ዘይት እንጂ ውሃ ስለማትጠጣ ከሁላችንም ተሽላ ከርማለች።

ሹፌሩ ደብዳቤህን አደረሰልኝ። የስልኩ ማማ ከተበላሸ ወዲህ ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ መኖር አለመኖርህንም አናውቅም ነበር። አውቶቡሱን ደጃፌ ላይ አቁሞ፣ ተሳፋሪው እያጉረመረመበት፣ መልሱን ጽፌ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። እግዜር ይስጠው።

ሚስትህ ለምን እንደማትጽፍልህ ጠይቀኸኛል። እውነቱን ልንገርህ? ተቀይማሃለች። ወንዛችንን ገድበው ሣር የሚያጠጡ ሰዎች ዘንድ ሥራ የገባህ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የወለድኳት እኔ ነኝና አውቃታለሁ፤ ስትጮህ ቶሎ ይወጣላታል፣ ዝም ስትል ግን ጊዜ ይፈጃል። ጠልታኛለች ብለህ ግን እንዳታስብ። ጎረቤት አንተን ሲያማ ከሰማች ሰላምታ ትነሳዋለች።

ጤናዋንም ጠይቀሃል። ደህና ናት። ከእኔ ጋር ቁልፍ ስትተክል፣ ጠርዝ ስታጥፍ ትውላለች። ትንሽ ከስታለች፤ ደግሞ ማን ያልከሳ አለ? ውሃ ከየት ታገኛላችሁ ላልከው፣ ከዚህም ከዚያም ብለን ነው። ቧንቧው ድሮ ሲከፍቱት ያፏጭ ነበር፣ አሁን ፉጨቱም ቀርቷል። ፊት በታጠብንበት ሳህን እናጥብበታለን፣ ሳህን በታጠበበት ወለል እንወለውልበታለን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ባላወራው ይሻላል። ልብስ ስተኩስ ውሃ መርጨት ትቻለሁ፤ የደንበኞቼ ሱሪ ሁሉ እንደተጨማደደ ነው የሚሄደው። የሚቆጣኝ ግን የለም፣ የሰውም ፊት ተጨማዷል።

አንተ ደግሞ አንድ ነገር ንገረኝ። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው፣ እዚያ ሣር እንደ ሰው ቁርስና እራት ይጠጣል ብሎ ሲምል ዋለ። እኔ አላመንኩትም። እሱ ሊጥ የሚያቦካበት አጥቶ ሱቁን ከዘጋ ወዲህ የማያወራው የለም።

አማትህ

*

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ይድረስ ለማከብርዎት እማማ፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን በሞቀ ጨርቅ ያስሩት ብዬ ነበር፤ እንዳላሰሩት አውቃለሁ።

ዳቦ ጋጋሪው አልዋሸም። ሣሩ ጠዋትም ማታም ይጠጣል። ፀሐይ ሲበረታም «እንዳይደነግጥ» ተብሎ በመሃል ይረጭለታል። የሣሩ ኃላፊ ቃል በቃል እንዲህ ነው የሚለው፤ ሣር ይደነግጣል ይላል። ከሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ፊት ለፊት ደግሞ ማብሪያና ማጥፊያ ያለው ፏፏቴ አለ። መኪና ሲመጣ የበሩ ጠባቂ ይደውላል፣ ፏፏቴው ይበራል። ጎልፍ የሚጫወቱት ሰዎች ኳሳቸውን ሐይቁ ውስጥ ሲከቱ ይሳሳቃሉ። ያ ሐይቅ የእኛ ወንዝ ነው እማማ። በየቀኑ አየዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን መጻፍ ያሳፍረኝ ነበር።

በቃል በሹፌሩ በኩል «አንተ እዚያ በትክክል የምትሠራው ምንድን ነው?» ብለው ያስጠየቁኝ ደርሶኛል። የግድቡን በሮች ነው የምጠብቀው። ሁለት የብረት በሮች ናቸው፣ በመዘውር ይከፈታሉ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ቅባት መቀባት እንጂ መክፈት ደርሶብኝ አያውቅም። «ሥራው ቀላል ነው» እያልኩ የጻፍኩልዎት ለዚህ ነበር።

አሁን ደረሰብኝ። ሐይቁ አረንጓዴ ሆኖ መሽተት ጀምሯል። ትልቅ የጎልፍ ውድድር ሊኖር ነው፤ ከሩቅ አገር እንግዶች ይመጣሉ። ሥራ አስኪያጁ ሐይቁ አንዴ ተጠርጎ ይውጣና ከላይኛው ምንጭ በአዲስ ውሃ ይሞላ ብሎ ወስኗል። የካቲት 18፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለቱንም በር እስከ መጨረሻው እንድከፍት ታዝዣለሁ።

እማማ፣ የወንዙ ሜዳ አሁን ባዶ አሸዋ ነው። ያን ያህል ውሃ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ሳስበው እህል አልወርድ ብሎኛል። ለሰፈሩ ሁሉ ይንገሩ፦ ማክሰኞ ውሃ ይለቀቃል፣ ማንም ሰው፣ ማንም ከብት ወንዙ ውስጥ እንዳይገኝ። ማን እንደነገረዎት ቢጠይቁ ስሜን ይጥሩ፤ ከሥራ ቢያባርሩኝም ግድ የለኝም። ከእኛ ቤትስ ወደ ወንዙ የሚወርድ ሰው የለም፣ አይደል?

ልጅዎ

*

ሰኞ፣ የካቲት 10

ይድረስ ለሙሽራው፤

ዛሬ ቀልድ የለኝም። መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። ትናንት በሹፌሩ ባልንጀራ የላክህልኝ ጥያቄ ደርሶኛል፤ «ደህና ናት የሚለውን አልፈልግም፣ የምትውልበትን ይንገሩኝ» ብለሃል። ደብዳቤዬን ሳታምነው ቀረህ ማለት ነው። ልክ ነህ።

ሚስትህ ቁልፍ አትተክልም። የምትውለው ወንዙ ውስጥ ነው። ወንዙ ከደረቀ ወዲህ ሴቶቹ አሸዋውን እየቆፈሩ ከስር የሚያቁረውን ውሃ በጣሳ ይቀዳሉ። መጀመሪያ ክንድ ሲሰዱ ይደረስበት ነበር። ከዚያ በቁመት ሆነ። አሁን ሰው በገመድ ታስሮ ይወርዳል። አፉ ከሰፋ ስለሚናድ ጉድጓዱን ጠባብ ያደርጉታል፣ ስለዚህ ቀጭን ሰው ይፈለጋል። ሚስትህን ታውቃታለህ። የሰፈሩን ውሃ ግማሹን የምታወጣው እሷ ናት። ስትወርድ ሄጄ አይቻት አላውቅም፣ ቤቴ ተቀምጬ ነው የምፈራው። ማታ ስትመለስ ጆሮዋ ውስጥ አሸዋ አለ፤ ምንም ሳልጠይቃት በጨርቅ ጫፍ እጠርግላታለሁ። ለአንተ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር። መሐላዬን በላሁ።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። መልእክትህን ጮክ ብዬ ለዳቦ ጋጋሪው አነበብኩለት። «ውሃ ይለቀቃል» የሚለው ላይ ስደርስ ቀሪውን ሳይሰማ እየሮጠ ወጣ። ልጄ፣ ያን ቀን እዚህ የነበረውን ደስታ ብታይ! ሰው መንገድ ላይ ተቃቀፈ። በርሜል፣ ባልዲ፣ የሕፃን መታጠቢያ፣ ያለው ሁሉ ወደ ወንዙ ወረደ። ዳቦ ጋጋሪው ቡሃቃውን ተሸክሞ ወርዶ አሸዋው መሃል አስቀምጦታል። ከላይኛው ሰፈር ያሉትም ሰምተው በአህያ እየመጡ ነው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ቦታ ለመያዝ ከአሁኑ እዚያው ያድራሉ።

«ራቁ ነው የሚለው» እያልኩ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩላቸው። «ለምን እንራቅ? እንዳንቀዳ ነዋ! የእነሱ ሰው አይደል?» አሉኝ። ሚስትህም ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ አንተ አፏን ከፈተች፤ «ወንዛችንን ሲወስዱ ዝም ብሎ ቅባት ይቀባ የነበረ ሰው ወንዙ ሲመለስ ራቁ ይለናል?» አለች። አሁን ውሃው አልፎ እንዳይሄድ ብላ ከወንዙ መሃል በመስመር ጥልቅ ጉድጓድ እያስቆፈረች ነው። ሴቱም ወንዱም የምትለውን ይሰማታል።

እኔ ግን የእጅ ጽሑፍህን አየሁት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተሠራ መስመር አይጠፋኝም። ለዚህ ነው እየፈራሁ የምጽፍልህ።

አማትህ

*

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ይድረስ ለእማማ፤

ሰላምታ የለኝም፣ ይቅር ይበሉኝ።

«እስከ ጉልበት ነው ወይስ እስከ ወገብ?» ብለው ያስጠየቁኝን ሹፌሩ ነገረኝ። እማማ፣ ከፍታው የእርስዎን ቤት ጣሪያ ያህላል።

በግምት አይደለም የምናገረው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት አንደኛውን በር ለሙከራ ጥቂት ከፍተውት ነበር፤ ጥቂት ነው ያልኩዎት። ከግድቡ በታች የቆመ የሣር ማጨጃ መኪና ነበረ፣ ሰው የሚቀመጥበት ትልቁ። ወሰደው። ፈልገው ፈልገው ያገኙት መቀመጫውን ብቻ ነው። የፓምፑ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፣ ሠራተኛው ይስቅበታል። እኔም እስቅ ነበር። አሁን ፊቴን ወደ እሱ ማዞር አቅቶኛል።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄጄ ለመንኩት። ቀስ አድርገን እንልቀቀው፣ ታች ሰው አለ አልኩት። ቀስ ብለን ካደረግነው ጭቃው እየተጋለጠ ሽታው ለእንግዶቹ ይቆያል አለኝ። ካርታ አውጥቶ አሳየኝ፤ ካርታው ላይ ወንዙ «ደረቅ» ተብሏል። «ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሰው ምን ይሠራል?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሻይ አስመጣልኝ። ለዓሦቹ ግን ገንዳ ተዘጋጅቷል። ቀያዮቹ ለብቻ፣ ነጫጮቹ ለብቻ፣ እንዳይጨናነቁ በመረብ አንድ በአንድ እየወጡ ነው። ስለ ዓሦቹ ስብሰባ ተደርጓል።

ለምን አንተ ራስህ መጥተህ አትነግራቸውም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ሠራተኛ ከግቢ አይወጣም ተብሎ በሩ ተዘግቷል። ይህንንም ደብዳቤ ለሹፌሩ የምሰጠው በአጥሩ ቀዳዳ ነው። መዘውሩን አልነካም ብል ኤሌክትሪሺያኑ ይነካዋል፤ አሳይተውታል። እሱ ልጆች አሉት፣ አልፈርድበትም።

ለእሷ የጻፍኩትን ለብቻው አሽጌዋለሁ። እባክዎ ሳይከፍቱ ይስጡልኝ። ከዚህ ቀደም ያላልኳትን ብያታለሁ። እማማ፣ ያውጧት። እግርዋ ላይ ወድቀውም ቢሆን፣ ገመዱን ቆርጠውም ቢሆን። አይ፣ ገመዱን አይቁረጡ። ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ልጅዎ

*

ዓርብ፣ የካቲት 14

ይድረስ ለልጄ፤

«አነበበችው ወይ? ምን አለች?» ነው ጥያቄህ። ሹፌሩ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ነው የጠየቀኝ፤ እሱም እንደ አንተ ፈርቷል።

አነበበችው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ አጥፋ ጡቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። የምትወጣ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁላት። እሷ ግን ገመዱን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ ወረደች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ከስር ሆና ምን አለችኝ መሰለህ? «እኔ ብወጣ ማን ይወጣል፣ እማ? ባሏ ስለላከባት ራሷን አዳነች ይሉኛል። ሁሉም ካልወጡ አልወጣም።» ልቧ አምኖሃል ልጄ። ያመነችህ ግን እሷ ብቻ ናት፣ እሱም ይብሱን አስሮ ያዛት።

እኔም የማደርገውን አጣሁ። የእኔ ቢጤ አሮጊት ጩኸቷ አይሰማ፣ ጉልበቷ አይጎትት። እዚያው ቤቴ ሆኜ ልፈራ ብል አልቻልኩም። ስለዚህ ወንበሬን ይዤ ወረድኩ። ይህን የምጽፍልህ አሸዋው ላይ ተቀምጬ ነው። ልጄ ካልወጣች አልወጣም ብያለሁ። እሷ ለሰፈሩ እልህ ይዛለች፣ እኔ ለእሷ።

ሞኝ ነሽ በለኝ። እንደመጣሁ እዚህ ያለው ሰው «አየህ፣ የጠባቂው አማት እንኳ መጥታለች፣ አደጋ ቢኖር ትመጣ ነበር?» ብሎ ይብሱን ተዝናና። አሁን ወንበሬን ይዤ ልመለስም አልችልም።

ቦታው ከሩቅ የሚመስለውን አይመስልም። ሕፃናት በርሜል ውስጥ ተደብቀው ይጫወታሉ። ዳቦ ጋጋሪው ማክሰኞ የመጀመሪያውን ዳቦ ለእኔ እንደሚጋግርልኝ ቃል ገብቶልኛል። ሰው ሁሉ ደጉን ፊቱን ነው የሚያሳየኝ። ወደ ላይ፣ ወደ አንተ በኩል ስመለከት ግን የወንዙ መታጠፊያ ይታየኛል፤ ከዚያ ወዲያ አይታይም። ሲመጣ ከዚያ መታጠፊያ ነው የሚመጣው እያልኩ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ሳይ እውላለሁ። ልጄ፣ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። አንተ የተማርክ ነህ፣ አንድ ነገር አስብ።

አማትህ

*

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ይድረስ ለእማማ፤

ይህን ደብዳቤ ብቻዎን ያንብቡት። አብሮት ያለውን ሌላውን ወረቀት ደግሞ ለሁሉም ያንብቡላቸው።

«እዚህ ያለው ሰው ምን ብትለው ነው የሚያምንህ?» ብሎ ሹፌሩ የጠየቀኝ ከራሱ ይሁን ከእርስዎ አላውቅም። ሌት ተቀን ሳወጣና ሳወርደው ነበር። ከደብዳቤዬ ግማሹን አምነዋል፤ ጥሩውን ግማሽ። ውሃ ይመጣል ስላቸው አመኑኝ፣ ይገድላል ስላቸው ጠረጠሩኝ። የተጠማ ሰው ነውና አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ምንም ጥሩ ነገር የሌለበት ወሬ ልኬላቸዋለሁ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ሐይቁ ውስጥ የሣር መድኃኒት በብዛት ፈስሷል፣ የሚለቀቀው ውሃ መርዝ ነው፣ አሸዋው ስርም ሰርጎ ገብቷል፣ የነካው ይቆስላል፣ የጠጣው አያድርም፣ ሰውም ከብትም ከወንዙ ውጡ። የሥራ አስኪያጁን ስም ጨምሬ ሰድቤዋለሁ፤ እንዲያምኑኝ።

ውሸት ነው፣ እማማ። ሐይቁ ይሸታል እንጂ መርዝ የለበትም። ዛሬ ጠዋት አንድ ኩባያ አፍልቼ ጠጥቼ ነው የምጽፍልዎት። እውነቱን የምናውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ነን። ለእሷም አይንገሯት። እሷ ካወቀች ለአንዷ ትነግራለች፣ አንዷ ካወቀች ሁሉም ይወርዳሉ። ውሃው አልፎ እስኪያልቅ አፍዎን ይያዙልኝ። ከዚህ በላይ የሚከብድ ነገር ለምኜዎት አላውቅም።

በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። እኔ ብከፍተው መዘውሩ ጠበቀ፣ ቅባቱ ደረቀ እያልኩ ጥቂት አዘገየዋለሁ። ኤሌክትሪሺያኑ ያንንም አያደርግም። ያን ብረት ስጨብጥ ከታች ማን እንዳለ ሳላውቅ መሆኑ ነው ያሳበደኝ።

እንደከፈትኩ ሥራውን ጥዬ በእግሬም ቢሆን ወደ እናንተ እመጣለሁ። ማንም አያግደኝም።

ልጅዎ

*

ማክሰኞ፣ የካቲት 18፣ ከሰዓት

ይድረስ ለልጄ፤

«ወጡ ወይ?» ብሎ ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ጮኸልኝ። ሌላ ጥያቄ እንደማይኖርህ አውቃለሁ።

ወጡ። ሁሉም ወጡ። እሷም ወጣች። እዚህ ላይ ቁጭ በልና ትንፋሽህን ሰብስብ፣ ከዚያ ቀጥል።

ወረቀትህን እሑድ ዕለት አሸዋው ላይ አነበብኩላቸው። መርዝ የሚለውን ስጠራ ሁሉም ተነሣ። «እውነት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ለደጉ ወሬ ስንት ሙግት ነበረ፣ ክፉውን እንደሰሙ ዋጡት። ዳቦ ጋጋሪው ቡሃቃውን ትቶ ሕፃን አንጠልጥሎ ሮጠ። ሚስትህ ታች ነበረች፤ በገመድ ጎትተው አወጧት። ጠዋት ከጉድጓዱ ጠጥታ ነበርና ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከታ ልታስመልስ ስትታገል አየኋት። ያኔ እውነቱ ከአፌ ሊያመልጥ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት፤ አሁንም ያመኛል።

ዛሬ ጠዋት መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው፣ ከዚያ አቧራ። ውሃ አቧራ ያስነሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ በዚያ መታጠፊያ በኩል ቆሞ መጣ። ዛፍ ነበረው፣ ድንጋይ ነበረው፣ ሣር እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነበር። በርሜሎቹን ሁሉ ወሰደ። ሚስትህ ያስቆፈረቻቸው ጉድጓዶች የት እንደነበሩ አሁን የሚያሳይ ሰው የለም።

የከፋው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኃይሉ ካለፈ በኋላ ቀጭኑ ውሃ መፍሰሱን ቀጠለ። ሰፈሩ በሙሉ ዳርቻው ላይ ባዶ ጀሪካን ይዞ ቆሟል፣ ወንዙ ይሄዳል፣ ጎንበስ የሚል የለም። ልጆቹ ሲያለቅሱ እናቶቹ ዓይናቸውን በእጃቸው ይሸፍኑባቸዋል። አንድ ሰው አህያውን አንገቷን አቅፎ ወደ ኋላ ይጎትታታል። ሚስትህ መጥታ «እማ፣ ለሕፃናቱ አንድ ጣሳ ብቻ ቢፈላስ?» አለችኝ። ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ይገድላል» አልኳት። ሁለት በሮች ናቸው ብለኸኝ አልነበር? የመጣው የአንዱ ይሁን የሁለቱ በምን ልወቅ? አንድ ሰው ቢወርድ ሁሉም ይወርዳል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከኋላ ቢመጣስ? ስለዚህ ዝም ብዬ ቆምኩ። ግማሽ ቀን ሙሉ መርዝ የሌለበት ውሃ በፊታችን አለፈ። ያ ፍርሃት የእኔ ነው፣ አንተ እንዳትወስደው።

ወንዙ ሲሳሳና አሸዋው ብቅ ሲል ኩባያዬን ይዤ ወረድኩ። አሸዋውን በእጄ ጫር ባደርገው ወዲያው ውሃ አቆረ። በሁሉም ፊት ጠጣሁት። «አሮጊቷ አበደች!» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን ኖሬያለሁ፣ በእኔ ይሞከር» አልኳቸው። ተከትለውኝ ቤት ድረስ መጡ። አሁን ደጃፌ ላይ ጀሪካናቸውን ይዘው ተቀምጠው መሞት አለመሞቴን እየጠበቁ ነው። ዳቦ ጋጋሪው በየደቂቃው አንገቱን በበሩ እያስገባ «እንዴት ነዎት?» ይለኛል። በዕድሜዬ ይህን ያህል ሰው ስለ ጤናዬ ተጨንቆ አያውቅም። ምንም እንደሌለበት እያወቅኩ፣ እንደዚያ ሲያዩኝ ሆዴን የቆረጠኝ ይመስለኛል።

ኩባያው ውስጥ ትንሽ ተርፎ ነበር። ዞር ስል ሚስትህ አንስታ ጨለጠችው። «ምን አደረግሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «ብቻሽን አትሞቺም» አለችኝ። መርዝ ነው ብላ ነው የጠጣችው፣ ልጄ። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፤ በሩን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኳት። በጥፊ የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቀጥላ አንተን ነው የጠራችው።

ቆይታ ግን ተነሣች። «እየመጣ ነው ብለሻል? እንዳይመጣ» አለችኝ። ጎርፉን አይተዋል፣ ያደረገው ይገባቸዋል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ጎርፉን አይደለም የሚያስታውሱት፣ እማ። ልጆቻቸው እያለቀሱ ያለፈውን ቀጭኑን ውሃ ነው።» ልክ ናት። እኔ በሕይወት ካደርኩ ውሸትህ ይገለጣል። ዛሬ ሰው በጥም ጉሮሮው ደርቋል፣ ንዴቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

አብረን እንሂድ ብላ ለመነችኝ። እኔ ግን እስኪነጋ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ መታየት አለብኝ። ካልታየሁ ሞተች ብለው ውሃውን አይነኩትም፣ ልጆቹም ሌላ ቀን ይጠማሉ። ጠጥተው ከጠገቡ በኋላ የሚጠይቁኝን እመልሳለሁ። እሷን በጓሮ በር አስወጥቼ ለሹፌሩ እሰጠዋለሁ፤ አንተንም ከመንገድ ላይ ይዞ ይመልስህ ብያለሁ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሰጠችህ እሷ ናት። አንብበህ ስትጨርስ ስለ እኔ ትጠይቃታለህ። «ደህና ናት፣ ምንም አትሆንም» ትልሃለች። እንደዚያ እንድትልህ ነግሬያታለሁ።

አማትህ